የፍሬን ዘይት የቀየርንበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ስወርድ የባለአራት ጎማ ሞተሬ የፍሬን እጀታ እስከ መሪው ድረስ እየሰመጠ በጣም ስላስደነገጠኝ፣ ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀየርነው። አዲሱ፣ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት የጠጅ መልክ ሲኖረው፣ ከዘይት ቋቱ የወጣው አሮጌው ግን እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ነበር። ይህ ዘይት እርጥበት ከአየር ስለሚስብ፣ አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው መፍሊያው ውሃ ሲገባበት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል የሚፈጠረው እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፍሬኑ ይከዳል።

ወንድሜ እጀታውን ጨብጦ ሲይዝ እኔ አሮጌው ዘይትና አየር የሚወጣባትን የማስተንፈሻ ብሎን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፤ እሱ እጀታውን ከመልቀቁ በፊትም እዘጋለሁ። ቋቱ ከጎደለ አየር ዳግም ስለሚገባ ዓይናችንን ከእሱ አልነቀልንም። ከብሎኗ ጋር ባያያዝነው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውስጥ አረፋው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ እጀታውም በጣቶቼ ሥር ጠንክሮ ቆመ።