ኮሌጆቹ ወደ እኛ ሲመጡ

ሁሉም ኮሌጅ ያቺ ፎቶ አለችው። ሣር ላይ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ተማሪዎች፣ ቅጠሉ የቀላ ዛፍ፣ ከኋላ የድሮ የጡብ ሕንጻ። ስሙን ከስላይዱ ላይ ብትሸፍኑት የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ይህቺን ፎቶ በሆቴል አዳራሽም፣ በሃይስኩል ካፍቴሪያም፣ በዙምም ጠግቤያታለሁ።

እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ፍለጋ መዞሩ እስካሁን ይገርመኛል። እኛ ማትሪክ ተፈትነን፣ ምርጫችንን ፎርም ላይ ሞልተን፣ ወደተመደብንበት ሻንጣ ይዘን የሄድን ሰዎች ነን። "እባካችሁ እኛ ጋ ኑ" ያለን አልነበረም። እዚህ ግን ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ የአድሚሽን (የተማሪ ቅበላ) ሠራተኞች ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ቀን ቀን ሃይስኩሎችን ያዳርሳሉ፤ ተማሪው አስፈቅዶ ከክፍል ወጥቶ ያገኛቸዋል። ማታ ደግሞ ለወላጅም ክፍት የሆነ ገለጻ አለ። ተባብረው የሚመጡም አሉ። ለምሳሌ ዱክ፣ ጆርጅታውን፣ ሃርቫርድ፣ ፔን እና ስታንፎርድ የጋራ ዝግጅት አላቸው። ተመዝግቦ መሄድ ነው፣ ክፍያ የለውም።

ገለጻው ራሱ? እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ድረ ገጻቸው ላይ አለ። የክፍሉ ተማሪ ብዛት፣ ውጭ አገር ሄዶ የመማር ዕድል፣ የክበባቱ ዓይነት። ይህን ሰምቶ ወደ መኪናው የሚሮጥ ወላጅ ብዙ ነው። እኔ ግን የምሄደው ከዚያ በኋላ ሠራተኛውን ቀርቦ ለመጠየቅ ነው።

በብዙ ኮሌጆች እዚያ የቆመው ሰው የእኛ አካባቢ በኃላፊነት የተሰጠው ሰው ነው። የልጆቻችንን ማመልከቻ መጀመሪያ የሚያነበውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሃይስኩላችን ምን ዓይነት ኤፒ (ሃይስኩል ላይ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ) ትምህርት እንደሚሰጥ፣ ነጥብ አሰጣጡ ጠበቅ ያለ ይሁን ላላ ያለ፣ ከሌላው የተሻለ ያውቃል። ካምፓስ ድረስ በአውሮፕላን ብንሄድ የሚያስጎበኘን ወደ ኋላ እየተራመደ የሚያወራ ተማሪ ነው። ደስ ይላል፤ ግን ማመልከቻ አያነብም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም የእኔ ራስ ምታት እሱ ነው። ኮሌጆች የሚሰጧቸው ሁለት የተለያዩ ተስፋዎች አሉ፤ ወላጆች ስናወራ እንደ አንድ እንቆጥራቸዋለን። አንደኛው "ስንቀበል የመክፈል አቅማችሁን አናይም" የሚለው ነው። ሁለተኛው "ከተቀበልን በኋላ የጎደላችሁን ሁሉ እንሞላለን" ይላል። የመጀመሪያው ኖሮ ሁለተኛው ላይኖር ይችላል። ያኔ ልጅቷ ተቀባይነት ታገኛለች፣ እልል ትላላችሁ፣ ቀጥሎ ሂሳቡ ይመጣል። ሁለቱንም የሚሉት ጥቂት ናቸው። ሦስተኛም ጥያቄ አለ፦ የጎደለው የሚሞላው በምንድን ነው? ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ሲሉ ብድርም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። አንድ ገለጻ ላይ ይህንኑ ስጠይቅ "እሱን የሚመለከተው ሌላ ቢሮ ነው" ተባልኩ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ግን መልሱን ያገኘሁ ያህል ነው።

የሚገርመው፣ ስሙ የገነነ ሁሉ የማይቀመስ አይደለም። ሃርቫርድ ከ2025-26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው 200,000 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ ከደመወዝ ውጭ የተከማቸ ትልቅ ሀብት ለሌላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያውን ነፃ አድርጓል። መግባቱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አልክድም። ከ2011 ወዲህ ደግሞ የፌዴራል ዕርዳታ የሚያገኙ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ የወጪ ማስያ እንዲያስቀምጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ገለጻ ከመሄዴ በፊት ገቢያችንን አስገብቼ እሞክረዋለሁ። ቁጥሩን ይዤ ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስም ቁርጥ ያለ ይሆናል።

ሌላው የወላጅ ወሬ ገለጻ ላይ ተገኝቶ ስም መፈረሙ ነው። "ስሟ እንዲያዝላት ሁሉም ጋ ትሂድ" ይላሉ። ተማሪው ያሳየውን ፍላጎት የሚቆጥሩ ኮሌጆች በእርግጥ አሉ፤ ከነጭራሹ የማያዩትም አሉ። መገመት አያስፈልግም። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡት ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ አለ። ሲ7 የሚለው ሰንጠረዥ ላይ የአመልካቹ ፍላጎት በጣም አስፈላጊ ይሁን ወይም ጭራሽ የማይታይ፣ ምልክት ተደርጎበታል። ይህን ካየሁ በኋላ መዝገብ ላይ ለመጻፍ ብቻ የዝናብ ማታ ከቤት መውጣት ትቻለሁ።

ልጄ ጋር አሁን የሥራ ክፍፍል አለን። "እማዬ፣ ስለ ትምህርቱ አንቺ አትጠይቂ፣ ሼም ነው" ብላኛለች። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ሳየው ግን ልክ ነች። ወላጅ እጁን አውጥቶ "ልጄ ሒሳብ ትወዳለች" ሲል ልጅቷ ወንበር ስር ልትገባ ስትደርስ ስንቱን አይቻለሁ።

በቀደም አንድ የአድሚሽን ሠራተኛ ጋ ተሰልፋ ቆየች። እኔ በር ጋ ሆኜ ብሮሹር የማነብ መሰልኩ። የጠየቀችው አጭር ነበር፦ ሌላ ሜጀር (የትምህርት ዘርፍ) ይዛ ገብታ ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ነርሲንግ መቀየር ትችላለች ወይ? ሰውየው አልሸፋፈነም። እነሱ ጋ ነርሲንግ ከመጀመሪያው የሚያመለክቱበት ነው፤ መሃል ላይ ክፍት ቦታ እምብዛም አይገኝም፤ ሐሳቡ ካለሽ አሁኑኑ ወስኚ አላት። እንዲህ ያለውን ነገር ብሮሹር ላይ ብፈልግ አላገኘውም። መኪና ውስጥ ስልኳን አውጥታ ኮሌጁን ከዝርዝሯ ሰረዘች። የማመልከቻው ክፍያም ተረፈልን።

የሚመጣው ሳምንት የስቴታችን ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥያቄዎቿን ጽፋ ጨርሳለች፤ የብድሩን ለእኔ ትታልኛለች።