ሳሎኔ ውስጥ ሰባት ልጆች

ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት መዋዕለ ሕፃናት ፍለጋ ወጣሁ። ካየኋቸው በአንዱ ሕፃናቱ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። መምህርቷ ትላለች፣ እነሱ ይከተላሉ። ረፋዱ በሙሉ እንደዚያው ነው። የእኔ ልጅ ደግሞ ለአሥር ደቂቃ እንኳ አንድ ቦታ አትረጋም። ማታ ለጎረቤቴ ሳወራላት «ታዲያ ለምን አንቺው ቤት አትሰበስቢያቸውም? የእኔንም ጨምሪልኝ» አለችኝ።

እንዲህ ተጀመረ። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ አራት ሜትር በአራት ሜትር በሆነች ሳሎን። ልጆቹ ሰባት ናቸው፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት። ሰኞ ገበያ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ግማሹ ቤተሰብ ለጁምዓ ይዘጋጃል። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 አደረግነው። ለወረቀትና ለቁርስ የምናዋጣት ትንሽ ብር አለች። ከዚያ በላይ ትምህርት ቤት እንዲሆን አልፈለግኩም።

ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እኔም ያንኑ ያየሁትን ነገር ነው ያመጣሁት። የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። እኔ በእንጨት እየጠቆምኩ «ሀ» እላለሁ፣ እነሱ ይከተላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሰባቱም ከሀ እስከ ሆ ያንበለብሉት ጀመር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድ ቀን ሌሎቹን በእጄ ሸፍኜ «ሂ»ን ብቻ አሳየኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ጣቱን እያነሳ «ሀ… ሁ… ሂ!» አለ። ሌሎቹም ያው ናቸው። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቁትም።

ግቢያችን ውስጥ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ አባት አሉ። ሳወራቸው «ለዚህ እኮ ነው አቡጊዳ የሚያስቆጥሩን» አሉኝ። ሀ ሁን የጨረሰ ልጅ ፊደሉ ተዘበራርቆ እንደገና ይሰጠዋል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ። ያኔ በአፍ ልማድ መሄድ አይቻልም፣ ዓይን ማየት አለበት። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው። እኔ ይህን ሁሉ በተርታ ላስጨርሳቸው ነበር የተጣደፍኩት።

ገበታውን አወረድኩት። እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ፊደላት እንዲጀምር አደረግኩ። ፊደሎቹን በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፌ ትራስ ሥርና መጋረጃ ኋላ እደብቃለሁ፤ ልጁ የራሱን ፈልጎ ያመጣል። አኩኩሉ ነው እንግዲህ። በሁለት ሳምንት የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጓደኛቸውንም ይለዩ ጀመር፤ ምክንያቱም የሌላውን ያገኘ ልጅ ለባለቤቱ ማድረስ አለበት። ለመጻፍ ደግሞ የአንዷ ልጅ አያት ጥሩ ሐሳብ ሰጡኝ። ቁርአን ሲማሩ በሉህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ሲጨርሱ አጥበው እንደገና ይጽፉ ነበር። እኔም ጣውላ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ጠመኔና እርጥብ ጨርቅ አቀረብኩ። ሕፃናቱ ከመጻፉ ይልቅ መደምሰሱን ይወዱታል። የተሳሳተው ፊደል ወዲያው ስለሚጠፋ ማንም መሳሳት አይፈራም።

አንድ ጊዜ ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሼ በጣታቸው እንዲጽፉ አደረግኩ። አንዲት እማማ አይተው «ልጄ፣ እህል መጫወቻ አይሆንም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ረሃብ ያየ አገር ላይ ሆኜ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። አሁን የተነፋ አሸዋ ነው የምጠቀመው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሽምብራው ነው። ለመቁጠሪያ ያቀረብኩትን አንዱ ልጅ አፍንጫው ውስጥ ከተተው። በጣቴ ላወጣለት ስሞክር ጭራሽ ወደ ውስጥ ገፋሁት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ በረርን፤ ባለሙያዋ በመሣሪያ አወጣችለት። እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ በጣት አትነካኩት፤ ሽምብራ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ሳትቆዩ ውሰዱት። ከዚያ ቀን ወዲህ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ነገር ቤቴ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም። በምትኩ ከሱቅ የለስላሳ ቆርኪ ለቅሜ፣ ጠርዙን በመዶሻ አስተኝቼ አቀረብኩ።

ቅዝቃዜውም ቀላል አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ጠዋት ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት ይቆያል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ልጆቿን ከማለዳ ጀምሮ ግቢ ትለቃቸዋለች። እኔ ፀሐይ እስክትወጣ ቤት ውስጥ ማዝለል አለብኝ። ስለዚህ ሰኞ ማክሰኞን ምንጣፉ ላይ በክር ሠራሁት።

በሁለተኛው ወር አንድ አባት መጥቶ የልጁን ደብተር ገለባበጠ። ሁለት ገጽ ብቻ ነው የተጻፈበት። «እኔ ለጨዋታ አይደለም የምልከው። ጨዋታማ ሰፈር ሞልቷል» አለኝ። ቢከፋኝም ስጋቱ ይገባኛል፤ ልጁን ነገ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ደብተር ነው የሚጠይቀው። ላስረዳው ብዬ ብዙ አልተከራከርኩም። ሁሉም ወላጅ በወር አንድ ጠዋት ተራ እንዲገባ ጠየቅኩ።

እሱ ረቡዕ መጣ። የእንቁላል ካርቶን ቆርጠን የሠራነው ገበጣ አለን፤ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ቆርኪ፣ በድምሩ 48። ልጁ አባቱን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ሲያዘጋጅ አንዱን ጉድጓድ አይቶ፣ ሳይቆጥር «እዚህ አንድ ይጎድላል» አለ። ፈልጎ ከምንጣፉ ሥር አወጣው። ጨዋታው መሐል ደግሞ እጁን ከማንሳቱ በፊት በዓይኑ እየቆጠረ ቆየና «አባ፣ ከዚህ ብነሳ ያንተ ጋ ነው የምጨርሰው» አለ። አባትየው ልጁን ዝም ብሎ አየው። እስከ 5፡30 ሳይነሳ ቆየ። ሲወጣ «ይሄን ቤት መሥራት ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁሉም አላመነም። አንዲት እናት ልጇን አውጥታ ሌላ ቦታ አስገባች፤ አልወቅሳትም። እኔም ስድስት ዓመት ለሞላቸው ሐሙስ ሐሙስ አንድ ገጽ ደብተር ላይ ማጻፍ ጀመርኩ፤ እርሳስ አያያዝ መልመድ አለባቸው።

አሁን ብጀምር ከመጀመሪያው ቀን የማደርገው የወላጆችን ተራ ነው። ብቻዬን ሰባት ልጅ ይዤ የቆየሁባቸው ሁለት ወራት አድክመውኛል፤ ሽምብራውም ያመለጠኝ ሌላውን ሽንት ቤት ሳደርስ ነው። ቤታችሁ ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ሌላ ትልቅ ሰው ሳይኖር ከአራት ልጅ በላይ አትቀበሉ።

በመስከረም ሦስቱ አንደኛ ክፍል ይገባሉ። በምትካቸው አዲስ ከሚመጡት የአንዷ ስም አምስት ፊደል አለው። ካርዶቹን ትናንት ማታ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንዱን መጋረጃ ኋላ፣ አራቱን ትራስ ሥር ነው የምደብቃቸው።