ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚሸጥ ቡና

ለንደን ውስጥ አርባ ሰው ገደማ የምታስተናግድ አነስተኛ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት፣ ባለፈው ዓመት ያቀረቡት የመጠጥና የሙዚቃ ፈቃድ ማመልከቻ የጎረቤት ተቃውሞ ገጥሞት በአካባቢው ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር ምክር ቤት) የፈቃድ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ሲታይ በአስተርጓሚነት አብሬያቸው ቀርቤ ነበር። እትዬ ስለ ሰካራም እንደሚጠየቁ ገምተው ሌሊቱን ሲዘጋጁ አድረዋል። የተቃውሞው ደብዳቤ ግን ስለ ሰካራም አንዲት ቃል አልነበረበትም። ጎረቤቶቹን ያማረራቸው ስንብታችን ነበር፤ ሒሳቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ደጃፍ ላይ ቆሞ «በሉ እንግዲህ» እየተባባሉ አዲስ ጨዋታ መጀመሩ፣ ትከሻ ለትከሻ መሳሳሙ፣ እስከ መኪናው ተሸኛኝቶ እንደገና መመለሱ፣ ሁሉም ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር የሚደረግ ነው።

ሰብሳቢዋ «ደንበኞችዎ በጸጥታ እንዲበተኑ ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ የማመልከቻው አካል በሆነው የአሠራር መግለጫ ላይ ሰፍሯል፦ በየምሽቱ ሁለት ፈቃድ ያላቸው የበር ጠባቂዎች ይቆማሉ ይላል። ይህን ስተረጉምላቸው እትዬ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ ይህን እኔ ነኝ ያልኩት?» አሉኝ። ማመልከቻውን በክፍያ የሞላላቸው ሰው ከአንድ ትልቅ የጭፈራ ቤት ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጦት ኖሯል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችን ፈቃድን ከካውንስሉ የሚሰጠን ነገር አድርገን እናየዋለን፤ ነገር ግን የፈቃዱን ግዴታዎች በአብዛኛው የምንጽፈው እኛው ነን። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የፈቃድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ኖቬምበር 24 ቀን 2005 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል፣ ቀድሞ በማጅስትሬት ፍርድ ቤቶች እጅ የነበረውን የመጠጥ ፈቃድ ወደ ካውንስሎች አዛውሮ ከመዝናኛው ፈቃድ ጋር አጣምሮታል። በዚህ ሕግ መሠረት ካውንስሉ ሊያመዛዝን የሚችለው አራት ነገሮችን ብቻ ነው፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የአካባቢን ሰላም የሚነሣ ረብሻን መከላከልና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ ማንም አግባብ ያለው ተቃውሞ ካላቀረበ፣ ካውንስሉ ፈቃዱን የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ በአሠራር መግለጫው ላይ አመልካቹ ራሱ የገባቸውን ቃሎች ወደ ግዴታ ለውጦ ይሰጠዋል። ከፈቃዱ ውጭ መሥራት እስከ 6 ወር እስራት ወይም ጣሪያ የሌለው የገንዘብ መቀጮ፣ አለዚያም ሁለቱንም ያስከትላል። እትዬ ተቃውሞ ባይገጥማቸው ኖሮ ያንን ያላዩትን ቃል ተሸክመው ሥራ ይጀምሩ ነበር።

የሌሊቱን ሰዓት በተመለከተ ለእኛ ለየት ያለ ነገር አለ። ሕጉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 እስከ ንጋቱ 5 ሰዓት ድረስ ትኩስ ምግብ ወይም ትኩስ መጠጥ መሸጥን ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ያደርገዋል። በእኛ ሰዓት ሲሆን ቁጥሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ይሆናል። በዚህ የተነሣ «በ11 ዝጉ» የተባለ ሰው በየትኛው 11 እንደሚዘጋ ሲከራከር ሰምቻለሁ። ቁም ነገሩ ግን መጠጥ የማይሸጥ ቤት እንኳ ከዚያ ሰዓት በኋላ ጀበና ጥዶ ቡና ከሸጠ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በነጻ የሚሰጥ ከሆነ አያስፈልገውም፤ ይሁን እንጂ ለመግቢያ ወይም ለሌላ ነገር ሳይከፍሉ የማይገኝ ቡና በነጻ እንደተሰጠ አይቆጠርም። በዚህ አንቀጽ መሠረት ቀዝቃዛው ቁርጥ ነጻ ነው፣ የሞቀው ለብለብ ክትፎ ግን በሕጉ ውስጥ ይወድቃል፤ ይህን ስነግራቸው እትዬ ረጅም ሳቅ ሳቁ። ጠጅን በተመለከተ የሚያሳስት ነገር የለም፤ የአልኮል መጠኑ ከ0.5 በመቶ የበለጠ ሁሉ መጠጥ ነውና።

ሙዚቃው ከተገመተው በላይ የላላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ማጉያ የሌለው ክራርና ማሲንቆ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ፈቃድ አይጠይቅም፤ የመጠጥ ፈቃድ ባለው ቤት ደግሞ አድማጩ ከ500 እስካልበለጠ ድረስ በማጉያ ቢዘፈንም ያው ነው።

የበዓል ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ የተዘነጋ ነው። በዚህ አገር ያሉ ብዙ ፈቃዶች የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዋዜማን ከመደበኛው ሰዓት ውጭ አድርገው እስከ ንጋት ይፈቅዳሉ፤ ይህም የሆነው አመልካቾቹ ስለጠየቁ ነው። እንቁጣጣሽን፣ ገናንና ከቅዳሴ በኋላ በሌሊት የሚፈሰከውን የፋሲካ ሌሊት ማመልከቻው ላይ ለተለዩ ቀናት በተተወው በዚያው ሣጥን ውስጥ ቀናቸውን ጠቅሶ መጻፍ የሚከለክል ነገር የለም። ይህን ያልጻፈ ሰው ለየበዓሉ ጊዜያዊ የዝግጅት ማስታወቂያ ለካውንስሉ ማስገባት ይኖርበታል፤ ክፍያው 21 ፓውንድ ነው፣ መደበኛው ማስታወቂያ ቢያንስ 10 የሥራ ቀናት ቀድሞ መግባት አለበት፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ሰውም ከ499 መብለጥ የለበትም። ፖሊስ ወይም የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል ከተቃወመ ደግሞ በዓሉ በስብሰባ ሊወሰን ነው።

እኔን ይበልጥ የቆጨኝ ግን የሰማያዊው ማስታወቂያ ጉዳይ ነው። አመልካች ለ28 ተከታታይ ቀናት በቤቱ ፊት ለፊት ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ወረቀት ማስታወቂያ መለጠፍ አለበት። እትዬም ለጥፈው ነበር፤ ጎረቤት ብዙ እንዳያየው ግን ከመጋረጃው ጠርዝ አጠገብ አስጠግተው ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ ጎረቤት ሳይጠሩ ቡና ጠጥተው የማያውቁ ሴት፣ እዚህ ከጎናቸው ያሉትን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገሩት በስብሰባ አዳራሽ ነው። ተቃዋሚን ከስብሰባው በፊት ቀርበው ቢያነጋግሩት ሐሳቡን ለውጦ መቃወሚያውን ሊተው ይችላል፤ ሁሉም ከተስማሙ ስብሰባውም ላያስፈልግ ይችላል።

ኮሚቴው የበር ጠባቂዎቹን ቃል ሰርዞ በምትኩ በመዝጊያው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት አንድ ሠራተኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንግዶችን እንዲሸኝ አዘዘ፤ መዝጊያውንም ከተጠየቀው ቀንሶ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት አደረገው። በ21 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር፤ እትዬ ግን አልፈለጉም። አሁን የፈቃዱ ማጠቃለያ ሕጉ እንደሚያዘው በግልጽ በሚታይ ቦታ፣ ከረከቦቱ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አቦል ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ ካልተቀዳ በረካው እንደማይደርስ ቡና አፍዪዋ በቃሏ ይዛዋለች።