ከ«ድብር ብርሃን»

ዛሬ ቤተክርስቲያን ሳልሄድ ስለቀረሁ እማዬ አኩርፋኛለች፣ እኔ ደሞ ጠዋቱን ሙሉ ከሶስት ብሎን ጋር ስታገል ዋልኩ።

የመስክ ላፕቶፔ ፓናሶኒክ ተፍቡክ ነው፣ ያ እጀታ ያለው፣ ገላው ማግኒዥየም የሆነው። ስንቴ ወድቆ ምንም አልሆነም። ባለፈው ሳምንት ግን ከመሐል ሜዳ ስንመለስ ፒክአፑ ውስጥ ጭኔ ላይ ከፍቼው ነበር፣ ጋቢዬን ላስተካክል ሳነሳ ክሩ የእንግሊዝኛዋን ኢ (E) ቁልፍ ይዟት ተነሳ። ቆቧም፣ ከስሯ እንደ መቀስ የምትጠላለፈው ነጯ ፕላስቲክም፣ መሀል ያለችው ጎማም በመስኮት ሄዱ።

አንድ ፊደል ምን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። በፎኔቲክ፣ ማለት አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ እየመታ ለሚጽፍ ሰው ኢ ከሌለች ግዕዙ የለም፣ ሁሉም ሳድስ ይሆናል። ከበደ ክብድ፣ ደብረ ብርሃን ደሞ ድብር ብርሃን። ሪፖርቱ ራስጌ ላይ ሳየው ሳቄ መጣ፣ በዚህ በህዳር ውርጭ ውሸትም አይደለም።

እና ምን አሰብኩ፣ ኪቦርዱን ፈትቼ ልየው። ብሎን እንዳይንከባለል ብዬ የመንዝ ባናችንን ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ፣ ብልጥ ነኝ። ካሁን በፊት አንድ ሰሪ ሁለቱን ብሎን አበላሽቶ ነው የመለሰልኝ፣ ሶስተኛውን እኔ ጨመርኩ። የጃፓን ብሎን መስቀሉ ከተራው ፊሊፕስ ካቻቢቴ ጋር አንድ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ የካቻቢቴው ጫፍ እስከ ታች አይገባለትም፣ ጠበቅ ስታደርገው ይንሸራተትና መስቀሉን ክብ ጉድጓድ ያደርገዋል። አንዱን ከሳይክል ውስጠኛ ጎማ ስስ ቁራጭ መሀል ላይ አድርጌ ወደታች እየተጫንኩ ሳዞረው እሺ አለ። ሁለተኛው ማጣበቂያ ነበረበት መሰለኝ ንቅንቅ የለም፣ የጋለ የሶልደር ጫፍ ራሱ ላይ ትንሽ ሳቆይበት ጥርቅ ብሎ ዞረ። የራሴውን በመጋዝ ቀጭን ቦይ አውጥቼለት በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወጣ፣ ገላውን ግን ጭሬዋለሁ። ከዛ ያችው ብሎን ተንሸራታ ባናው ጸጉር ውስጥ ገባች! የድሮ ስፒከር ማግኔት ባይኖረኝ እስካሁን እፈልግ ነበር።

ቁልፍ ከየት ላምጣ? መርካቶ የሞተ ኪቦርድ ቢገኝም ሞዴሉ ካልገጠመ ነጯ ፕላስቲክ አትቀመጥም። ከዛው ከራሱ ኪቦርድ ቪን (V) ነቀልኳት፣ በአማርኛ ለማን ትጠቅማለች። መጀመሪያ ከሰል አጠገብ አሞቅኩት፣ ብርድ የያዘው ፕላስቲክ ጥርሱ ቶሎ ይሰበራል። ጎማዋን በምላጭ አንስቼ ጠርዟን ብቻ በመርፌ ጫፍ ማስቲሽ ቀባሁ፣ መሀሏን ከነካ አለቀላት። ከዛ ነጯን፣ ከዛ ቆቧን፣ ጠቅ። ደብረ ብርሃን!

ኋላ ነው የገባኝ፣ ይሄ ሁሉ ከላይ የሚሰራ ነው፣ አንድም ብሎን መፍታት አያስፈልግም ነበር። አሁን ሶስት ብሎን ልፈልግ ነው፣ ርዝመታቸውን ለክቻለሁ፣ ረዘም ያለ ከገባ ቦርዱን ይወጋል። እስከዛ ዝናብ አላሳየውም።

እማዬ ኩርፊያዋን ረስታ «ምን ስትጎረጉር ዋልክ» ብላ መጣች። አንድ ፊደል አጥቻለሁ፣ ቴሌቪዥን ብዬ መጻፍ አልችልም አልኳት (ይቺን ራሱ ከስልኬ ኮፒ አድርጌ ነው)።

«ታዲያ ቴሌብዥን በላ!»