ሁሉም «አወገዘ» አይደለም

የዜና ትርጉም እንጀራዬ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። ፊቴ ላይ በየዕለቱ ከሚደቀኑት ግሶች አንዱ «ዲናውንስ» (denounce) ነው። ፕሬዚዳንቱ ዲናውንስ ያደርጋል፣ ተቃዋሚው ዲናውንስ ያደርጋል፣ የሠራተኛ ማኅበሩም አይቀርም። እጃችን የለመደው መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ «አወገዘ»። አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። የማያስኬድ ቀን ግን ዜናው ሌላ ዜና ይሆናል።

የያዝኩት መላ ቀላል ነው። ግሱን ለጊዜው ትቼ ከኋላው የመጣውን አያለሁ። የሚወገዘው ድርጊት ነው? ሰው ነው? ፖሊስ አለበት? ወይስ ውል ነው? መልሱ ከዚያ ይወጣል።

ድርጊት ሲሆን «አወገዘ» ደህና ነው፤ ግን እሱም ክብደት አለው። ቃሉ የቤተ ክህነት ነው፣ ከውግዘትና ከግዝት ጋር ይውላል። በ«ዲናውንስ»ና በግዝት መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ቁልጭ ያለልኝ በ1928 ዓ.ም. ክረምት የሆኑ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ሳነብ ነው። ሰኔ 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው፤ እሳቸው በአማርኛ ቀጠሉ። የተናገሩት በአብዛኛው ምን እንደተፈጸመ ነው። አውሮፕላኖች መርዙን እንደ ዝናብ እንዳርከፈከፉት፣ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙና ግጦሹ ሳይቀር በዚያ እንደራሰ። እንግሊዝኛው ይህን «ዲናውንስ» ይለዋል። ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ፋሺስቶች አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ ረሸኗቸው። እሳቸው ደግሞ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳትገዛ ገዝተዋል። ይኼኛው ሰሚውን የሚያስር ግዝት ነው። የጄኔቫው የተደበቀውን አውጥቶ «እዩት፣ ፍረዱ» ማለት ነው።

የላቲኑ ሥርም ወደዚያው ይጠቁማል። ማወጅ፣ ማስታወቅ ማለት ነው። ስለዚህ ዲናውንስ ያደረገው ሰው ማስረጃ ዘርዝሮ ከሆነ «አጋልጦ አወገዘ» እላለሁ። ዝም ብሎ መግለጫ አውጥቶ ከሆነ «አወገዘ» ይበቃዋል። የጸጥታው ምክር ቤት መግለጫ ላይ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ «ኮንዴም» (condemn) የሚለው ግስ ነው፤ እሱን ያለ ጭንቀት «አወገዘ» ብዬ አልፋለሁ።

«በአደባባይ» የምትለዋን ቃል ግን ከራሴ አልጨምርም። የሶቪየት መሪ ክሩሽቼቭ በ1956 እ.ኤ.አ. ከእሱ በፊት የገዛውን ስታሊንን ዲናውንስ ያደረገው በሃያኛው የፓርቲ ጉባኤ፣ በር ተዘግቶ ነው። እንግሊዝኛ ዘገባ ላይ ቃሉን ያየ ተርጓሚ «በአደባባይ አወገዘ» ቢል ታሪኩን ገለበጠው ማለት ነው። ንግግሩ ሾልኮ ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ የታተመው ከወራት በኋላ ነው።

ሰው ሲሆንና «አዝ» (as) የምትል ትንሽ ቃል ስትከተል ነገሩ ይለወጣል። ሚኒስትሩን «ከሃዲ» ብለው ዲናውንስ አደረጉት ከተባለ፣ አማርኛችን «ፈረጀ» የሚል ቃል አለው። «ከሃዲ ሲሉ ፈረጁት»። አለቀ። «ከሃዲ በመሆኑ አወገዙት» ካልን ግን ከሃዲነቱን እኛው አጸደቅንለት። ዜና ላይ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ የአንድ ወገን ስድብ የኛ ዘገባ ይሆናል።

«ለፖሊስ» ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጎረቤቱን ለባለሥልጣን ዲናውንስ ስላደረገ ሰው የሚያወራ ጽሑፍ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ‹ለፖሊስ አወገዘው› ያስኬዳል?»

«አንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?»

«ጠቋሚ ነዋ።»

በቃ፣ «ጠቆመበት» ብለን ጻፍን። እሱ ልጅ ስለሆነ አያውቀውም እንጂ፣ የቀይ ሽብር ዘመን ሰዎች ይህን ትርጉም ከማንም መዝገበ ቃላት በተሻለ ያስረዳሉ። በየቀበሌው ስብሰባ «ራስህን አጋልጥ» ይባል ነበር፤ ጎረቤትን ማጋለጥም ነበረ። ስለዚያ ዓይነት ዘመን የሚያወራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲገጥመኝ «አጋለጠ»ን የምመርጠው አንባቢው ወዲያው ስለሚገባው ነው።

የቀረው ውል ነው። ቬንዙዌላ በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አገሮችን የሰብአዊ መብት ስምምነት ዲናውንስ አደረገች። እዚህ ላይ ቁጣም ስድብም አያስፈልግም። በሕግ ቋንቋ፣ አንድ አገር «ከዚህ ውል ወጥቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማስታወቁ ነው። የ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶችም (የጦርነት ሕግ ውሎቹ) ይህን ይፈቅዳሉ፤ በደንቡ መሠረት መውጣቱ የሚጸናው ከማስታወቂያው አንድ ዓመት በኋላ ነው፣ አገሩ ጦርነት ላይ ከሆነ ደግሞ ሰላም እስኪወርድ ይቆያል። «ቬንዙዌላ ስምምነቱን አወገዘች» ተብሎ ቢወጣ አንባቢው የተናደደ መንግሥት እንጂ የወጣ መንግሥት አያይም። «ከስምምነቱ መውጣቷን አስታወቀች» እላለሁ። ርዕሱ ይረዝማል፤ አርታኢው ቢያጉረመርምም አላሳጥረውም።