እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ፤ በሽንሽን ቀሚስ የዞርኳት ጅማ

ውድ ጓደኞቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ! ዓመቱ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ። በየዓመቱ በዚህ ቀን አጠር ያለ መልካም ምኞት እጽፍላችሁ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አክስቴን ሳላነሣ ምኞት መጻፍ አልሆነልኝም።

አክስቴ በጅማ መርካቶ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የሴቶች ልብስ ስትሰፋ ኖራ በሚያዝያ አረፈች። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች፣ እኔም በወንድሞች መካከል ያደግሁ ብቸኛ ሴት ልጅ ስለሆንኩ፣ ልብሴ ከእነርሱ የተረፈ ሱሪና ሸሚዝ፣ ፀጉሬም ለማበጠር እንዳያስቸግር በአጭሩ የሚቆረጥ ነበር። ለዚህች ልጅ ምን ያምርባታል ብላ የምታስብልኝ አክስቴ ብቻ ነበረች፤ ከደንበኞቿ ጨርቅ ከተረፈው ቁራጭ ቀሚስ እየሰፋች ታለብሰኝና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በተሰቀለው መስታወት ፊት ታቆመኝ ነበር። ከክፍሏ ስወጣ የሰፈሩን ልጆች ሳቅ ፈርቼ ሱሪዬን መልሼ እለብሳለሁ፤ አድጌ ለሥራ አዲስ አበባ ከገባሁም በኋላ ያ ፍርሃት አብሮኝ ኖረ። ለገና ስመጣ ወገቤንና ትከሻዬን ለክታ አንድ ሽንሽን ቀሚስ ጀመረችልኝ፤ ሳትጨርሰው ሄደች። ጠርዙን ቀምቅማ፣ ተኩሳና አጣጥፋ ያቆየችልኝ ለብዙ ዘመን አብራት የሰፋች ባልደረባዋ ናት።

ሐምሌ ላይ ለፈቃድ ጅማ ስገባ ያንን ቀሚስ ለበስኩት። ሹሩባ ተሠራሁ፤ ዓይኔን ተኳልኩ፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥርም ጃንጥላ ይዤ የተወለድኩባትን ከተማ ያለ ምንም ጉዳይ ዞርኳት። እኛ ሴቶች መንገድ የምንወጣው በአብዛኛው ለገበያ፣ ለሥራ፣ ለለቅሶ ወይም ለልጅ ነው፤ አምሮብን፣ ደስ ብሎን፣ ከተማችንን ለማየት ብቻ ስንወጣ ግን ወዴት ነው የሚለን ይበዛል። በፈረንጅ አራዳ ከጣሊያን ዘመን የቀሩትን ሕንፃዎች ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ሞልቶ የደፈረሰውን የአዌቱን ወንዝ ከድልድዩ ላይ ቆሜ ተመለከትኩት፤ በሂርማታ ከአንድ እንጨት የተፈለፈሉትን ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች እየዳሰስኩ ከጠራቢዎቹ ጋር ተጫወትኩ።

ጅሬን የወጣሁበት ቀን ግን ከሁሉ ይልቃል። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ላይ ቆሜ፣ ጉም የለበሰችውን ከተማ ቁልቁል እያየሁ፣ የንጉሡን እናት ገኔ ጉሚቲን አሰብኩ። ልጃቸው በ1870ዎቹ ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ግብር ከፍሎ አገሩን እንዲያቆይ የመከሩት እርሳቸው ነበሩ፤ ጅማም በዚያ ምክር ለረጅም ጊዜ የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። ግቢውን ሁላችንም በልጁ ስም እንጠራዋለን። እኔ ግን የዚያን ቀን ወደዚያ የወጣሁት ለእናቲቱ ነበር፤ አክስቴ የለካችውን ቀሚስ ለብሼ በመሄዴም ደስ አለኝ።

ክፉ ቃል አልሰማሁም አልልም። በአንድ መታጠፊያ የቆሙ ወጣቶች ስለ ወገቤ ጮክ ብለው ሲነጋገሩ እግሬ ሊታሰር ሲል፣ በቆሎ እሸት የምትጠብስ እናት «ነይ ልጄ፣ ተጠለይ፤ ቀሚሱ አምሮብሻል» ብላ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ። ለእርሷ ረጅም ዕድሜና ሞቅ ያለ ገበያ እመኛለሁ። ለእነዚያ ወጣቶችም ምኞት አለኝ፦ በአዲሱ ዓመት አንደበታችሁን ከሴት ልጅ አካል ላይ አንሡ፤ መንገዱ የእርሷም ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ነው። ጠርዙን ለቀመቀመችልኝ ሴት፣ እጇ ሳይከብደኝ ሹሩባ ለሠራችኝ ጎረቤታችን፣ ጅሬን ላይ ዝናብ እስኪያባራ ጠብቆኝ ጭማሪ ሳይጠይቅ ላወረደኝ የባጃጅ ሾፌር፣ «ላጅብሽ?» ብሎ ጠይቆ፣ ብቻዬን መሄድ እንደምፈልግ ሲረዳ ጃንጥላውን ሰጥቶ ለሸኘኝ ታላቅ ወንድሜ፣ በሐዘኔ ጊዜም ለጻፋችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሴትነታችሁን ቤተሰብ ወይም ሰፈር ባወጣው ልክ ሳይሆን በራሳችሁ ልክ ለመልበስ ለምትታገሉ ደግሞ፣ አክስቴን የመሰለ አንድ ሰው ከጎናችሁ አይጥፋ።

የወንድሜ ልጅ ትናንት በዚያችው በአክስቴ ክፍል፣ በባልደረባዋ እጅ ተለክታለች፤ ቀሚሷ ለመስቀል ይደርስላታል። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሂርማታ አብረን ስለምንሄድ፣ ጅማ ያላችሁ ስታገኙን ሰላም በሉን።

መልካም አዲስ ዓመት!