ቅዳሜ ማታ ከልጆች ጋር

ዛሬ ማታ ሞል ውስጥ ያለው መጫወቻ ጢም ብሎ ነበር፤ ቅዳሜ ነዋ! የመጫወቻ ካርዱን በትንሽ በትንሹ ሙሉ፣ የተረፈውን ብር ብዙ ቦታ አይመልሱም። ካልሲ ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ይሁን፤ ተራው ያንሸራትታል።

ትራምፖሊን ላይ ግን ቀልድ የለም፦ በአንዱ ሸራ አንድ ልጅ ብቻ። አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ሲዘል፣ በሱ ክብደት የተወጠረው ሸራ ልጁን ሳያስበው ያስፈነጥረዋል፤ እግር የሚሰበረው እንዲህ ነው፣ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ በክብደት ቀላሉ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላሉትማ የሕፃናት ሐኪሞች ጨርሶ አይመክሩም።

ተጋጪ መኪና ጥግ ገብቶ ከቀረ ልጁ እንዳይወርድ! መሪውን ወደ አንድ ጎን እስከ መጨረሻው ቢያዞር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይወጣል። ፒዛው? ከሚሽከረከረው ጨዋታ በኋላ።